የዱረቲ ውሳኔ

የዱረቲ ዓይን ደህና ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። እጃጂ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ መነጽሯን አድርጋ ሳሙናና ዘይት ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት በዚያ ያለፈ የሰፈራችን ሰው ነው የነገረኝ። መነጽሩን ያገኘችው የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ የመጡ ጊዜ ነው አሉ። ሐኪሙ መርምሯት «ይኼን እኮ ገና በልጅነትሽ ማድረግ ነበረብሽ» ብሎ ተቆጥቷታል። የአባቷ በሽታ የለባትም፤ ኖሮባትም አያውቅም። ይህን እስከ መጨረሻው ደብቄ ላስለቅሳችሁ እችል ነበር፤ ግን ምን ቆርጦኝ። የማወራው ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ እንጂ እንድታዝኑልኝ አይደለም።

ኤቢሳ እባላለሁ። በ2011 ዓ.ም. ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አምቦ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የኦቦ ጉርሙ ጌም ቤት ቴክኒሻን ነበርኩ። ቴክኒሻን ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ያሉን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ ገመድ እቀጥላለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ በአንድ እያስነሳሁ እራገማለሁ። ዘጠኙ እርስ በርስ በኬብል ስለተያያዙ ኢንተርኔት ኖረ ጠፋ ግድ አልነበረንም። የምንጫወተው አንድ ጌም ብቻ ነው፤ አሮጌ የተኩስ ጌም። ግድግዳ ታክከህ ትሄዳለህ፣ ሰው ብቅ ሲል ትመታዋለህ፤ ቀድሞ ካየህ እሱ ይመታሃል። ሌላ ፍልስፍና የለውም።

እንግዲህ የጌሙ ግማሽ ማየት ነው። ለማየት ደግሞ ስክሪኑ ምስሉን በስንት ነጥብ እንደሚስለው መምረጥ አለብህ። ነጥቡ ሲበዛ ምስሉ ይጠራል፤ ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ ጥጉ ላይ ያለችው ካርታ ግን ሁሉም ያንሳሉ። ነጥቡ ሲቀንስ ምስሉ ይሻክራል፤ ፊደሉ ግን የሱቅ ታፔላ ያክላል። ሌላው ሰው ይህን ሪዞሉሽን ይለዋል። እኛ ቤት ስሙ ውሳኔ ነው።

እንዴት ውሳኔ ሆነ? ኦቦ ጉርሙ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ማስታወቂያ ካልተለጠፈ ምንም ነገር በሥርዓት የሚሄድ አይመስላቸውም። ደንበኛው ሁሉ እየተነሳ ስክሪኑን ሲነካካ ተናደዱና «ይኼ የሚቀያይሩት ነገር ስሙ ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቤታቸው ሄደው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገለጡ፤ ሪዞሉሽን ለሚለው «ውሳኔ» ይላል። በማግስቱ ግድግዳው ላይ «የስክሪን ውሳኔ ያለ ቴክኒሻኑ ፈቃድ መለወጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ጠበቀን፤ ማኅተም ሳይቀር አለበት። ሰው በሳቅ ሞተ። «ኦቦ ጉርሙ፣ ይኼ እኮ የስብሰባ ውሳኔ ማለት ነው» ብላቸው «ታዲያ ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚያሳይ አልወሰነም?» ብለው አፌን አስዘጉኝ። ቃሉ በዚያው ቀረ። «ውሳኔህ ስንት ነው?»፣ «ውሳኔዬን ማን ነካው?» እየተባባልን እጃጂና ሸነን ድረስ አዳረስነው።

ዱረቲ የመጣችው በ2009 ነው፤ ያኔ ኮሌጅ ትማር ነበር። ሴት ጌም ቤት ስትገባ ታውቃላችሁ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ነው የሚያዞረው። እሷ እቴ፣ ማንንም ሳታይ መጥታ ጥግ ያለው ስድስት ቁጥር ላይ ተቀመጠች። ጌሙን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ማውሱን እንዴት እንደምትይዝ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ፣ የሰው ኮቴ ከየት በኩል እንደሚሰማ፣ ሁሉንም እኔ ነኝ ያሳየኋት። በሦስተኛው ወር አሸነፈችኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም። ማንም አሸንፏት አያውቅም።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የምትፈልገው ውሳኔ አንድ ነው፤ ስምንት መቶ በስድስት መቶ። ማንም የማይጠቀምበት ያረጀ ነገር ነው። «ምነው፣ የአያቶቻችንን ውሳኔ» ብዬ ሳቅኩባት። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አንድ ቀን ጨዋታ መሐል መልእክት ወጣባት፤ ጌሙን ልዝጋው ወይስ ልቀጥል የሚል ነው። እያሸነፈች ሳለ «ዝጋ» የሚለውን ነክታ ድርግም አደረገችው። ከኋላዋ ቆሜ ነበር። «ምን የሚል መስሎሽ ነው?» አልኳት። መልእክቱን መልሼ አወጣሁና «እስቲ አንብቢልኝ» አልኳት። ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ አወጣችኝ።

አባቷ ኦቦ ሌንጮ ሸነን ውስጥ መምህር ነበሩ። አርባ ዓመት ሳይሞላቸው ዓይናቸው መድከም ጀመረ። አዲስ አበባ ሄደው ቢመረመሩ ሐኪሙ «ሁለት ዓመት» አላቸው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ጨርሶ ጠፋ። ቤተሰቡ አምቦ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዱረቲ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና እጃቸውን ይዛ ገበያ፣ ቀበሌ፣ ጸሎት ቤት ትወስዳቸው ነበር። ድንጋይ ሲመታቸው የሚቆጡት እሷን ነው። «አባቴን ያጠፋው ሐኪሙ የነገረው ቀን ነው፤ ባይነግረው እስከ ዛሬ ያይ ነበር» አለችኝ። ሞኝነት ነው፤ ግን ያደገችበት ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪም ቤት አትሄድም፤ መነጽር የሚባል ነገር አታነሳም፤ እናቷ አዴ ጉዴ እንኳ ምንም አያውቁም። ክፍል ውስጥ ፊት ትቀመጣለች፣ የስልኳን ፊደል አተልቃ ታነባለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ነው የምትኖረው።

«ያ ኤቢሳ» አለችኝ፤ ስትለምነኝ በኦሮምኛ ነው የምትጠራኝ፤ «ለማንም እንዳትናገር።» ማልኩላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምርጫዎቹን ዝርዝር ማንበብ ስለማትችል ውሳኔዋን የማስተካክልላት እኔ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላልኩም። ይኼም ይጻፍልኝ።

ታዲያ ሰው ሞኝ ነው። የምታሸንፈው በውሳኔው ነው ብሎ አሰበ። ቶሌራ የሚባል የሒሳብ መምህር ደንበኛችን ነበር፤ ወረቀት አውጥቶ አሰላና «ነጥቡ ሲያንስ ኮምፒውተሩ ይቀልለዋል፣ ስለዚህ ጥይቷ ቀድማ ትደርሳለች» ብሎ አስረዳን። ከዚያማ ጉዱ ፈላ። ሁሉም «የዱረቲን አድርግልኝ» ማለት ጀመረ። ከእጃጂ በሚኒባስ የመጣ ሰው ሳይቀር ገና ሳይቀመጥ «የዱረቲ ውሳኔ አላችሁ?» ይላል፤ ምሳ የሚያዝ ነው የሚመስለው። ደህና ዓይን ያለው ሁሉ በፈቃዱ ሻካራ ምስል ላይ አፍጥጦ ይሸነፋል። ቶሌራ ራሱ አሥራ አምስት ለዜሮ ተሸንፎ «ስሌቱ ትክክል ነው፣ እጄ ነው ያልተከተለው» አለ። ዘጠኙም ኮምፒውተር ስምንት መቶ በስድስት መቶ ላይ ቀረ። እኔና ዱረቲ ዓይን ለዓይን ስንጋጭ እንስቅ ነበር። ሰው በመሐላችን ሌላ ነገር ያለ ይመስለው ነበር።

በሰኔ 2011 ከአዲስ አበባ አንድ ሰውዬ መጣ። ድርጅቱ ከየከተማው አንድ አንድ ተጫዋች መርጦ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያሠለጥን ነው፤ መኖሪያ አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ከዚያም ውጭ አገር ውድድር። ከአምቦ አንድ ሰው ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ውድድር በእኛ ኮምፒውተሮች ነው፤ የፍጻሜው ጨዋታ ግን በማግስቱ እነሱ በሚያመጧቸው ሁለት አዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በኋላ ሥልጠናው አራት ወር ሳይሞላው ተበትኖ ወደ እናቴ ወደ ካሰች ቤት ባዶ እጄን ተመልሻለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የመንግሥተ ሰማያት በር የተከፈተ ነበር የመሰለኝ።

ዱረቲ ለዚያ ቦታ ምን ያህል እንደጓጓች ለእኔ ነግራኛለች። ጂራ የሚባል የእጃጂ ሰው፣ አይሱዙ ያለው፣ ሽማግሌ እየላከባት ነበር። እናቷ ወደውታል። እሷ እንቢ ብላለች፤ ነገር ግን ኮሌጁን ጨርሳ ሥራ ስታጣ እንቢ የምትልበት ምክንያት አለቀባት። «ይኼን ካገኘሁ ማንም ምንም አይለኝም» አለችኝ። እኔም ለውድድሩ ስመዘገብ ቦታውን የምር እንደምፈልገው አልነገርኳትም። ማን ይነግራል፤ እሷ ካለች ለእኔ እንደማይደርሰኝ የታወቀ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እሷም እኔም ያገኘነውን ሁሉ አሸንፈን ለፍጻሜ ደረስን። ሰውዬው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «ነገ ከኤቢሳ ጋር ነሽ፤ እንዴት ነው?» አላት። ሰው ከቦናል። ሳቅ ብላ «ኤቢሳ ጥሩ ቴክኒሻን ነው» አለች። ክፉ አላሰበችም፤ አውቃለሁ። እንዲያውም ማመስገኗ ነው። ቤቱ ግን በሳቅ ፈረሰ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጥርሴ ይስቃል፣ ቆሽቴ ያራል። ያስተማርኳት እኔ፣ ምስጢሯን የያዝኩላት እኔ፣ ለካ ገመድ ቀጣይ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰውዬው ሁለቱን ኮምፒውተሮች ከመኪና አወረደና «ቴክኒሻኑ አንተ ነህ አይደል? አዘጋጃቸው» ብሎ ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ማንም የፈለገውን ውሳኔ መርጦ መጫወት ይችላል፤ ሕጋቸው ነው። ብቻዬን ቀረሁ። የእሷ ስክሪን ፊት ተቀምጬ ምርጫዎቹን አወጣሁ።

የስክሪኑ ሙሉ ጥራት አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ በአንድ ሺህ ሰማንያ ነው። እሱን ባደርገው በመጀመሪያዋ ሰከንድ ታውቃለች። በእሷ ውሳኔ ምስሉ ወደ ጎን ተለጥጦ ስለሚታይ ሰዎቹ ሁሉ ወፍራም ናቸው፤ በሙሉ ጥራት ግን ይቀጥናሉ። ወፍራሙን ከቀጭኑ ደግሞ ዓይኗ ቢደክምም ትለያለች። አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስልሳ ስምንትን ሞከርኩ። ትንሽ ያንሳል፤ ግን አንገቷን ሰገግ አድርጋ ትወጣዋለች፤ እልኸኛ ናት። ከዚያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ በዘጠኝ መቶ ስልሳን አደረግኩ። ቅርጹ ከእሷ ውሳኔ ጋር አንድ ነው። ሰዎቹ እንደዚያው ወፍራም፣ ግድግዳው እንደዚያው የተለጠጠ። የሚያንሱት የጥይቱ ቁጥር፣ ካርታዋና መሐል ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ መስቀል ብቻ ናቸው። ወደ ኋላ ተደግፌ አየሁት። ደህና ዓይን ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ያምራል። እሷ ግን መስቀሏን አታገኛትም፤ ሌላው ነገር ሁሉ እንደለመደችው ስለሆነ ደግሞ ውሳኔው ተለውጦ ይሆናል ብላ አትጠረጥርም። በሕይወቴ ለሰው ውሳኔ ስመርጥ እንደዚያ ቀን ተጨንቄ አላውቅም። ትክክለኛውንም አገኘሁት።

ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ በሰው ጢም አለ። ዱረቲ እየሮጠች ገብታ ጆሮዬ ሥር «አስተካከልክልኝ?» አለች። «እንደ ሁልጊዜው» አልኳት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ተቀመጠች። አሥራ አምስት ጊዜ ቀድሞ የመታ ያሸንፋል።

የመጀመሪያው በር ላይ ነው የተገናኘነው። ሌላ ጊዜ ትከሻዬ ብቅ ሳይል ትጥለኝ ነበር። ተኮሰች፤ ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ግድግዳ መታች። ጣልኳት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው። አምስተኛው ላይ ጥይቷ ማለቁን ማንበብ ስላልቻለች ባዶ ጠመንጃ ይዛ ፊት ለፊቴ ወጣች፤ ቆማ ጠበቀችኝ ማለት ይቻላል። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ወንበሯን ወደፊት ሳበች። ፊቷን አስጠጋች፤ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ። ከኋላ አንዱ «ልታሸተው ነው እንዴ?» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ትናንት «የዱረቲን አድርግልኝ» ሲሉ የነበሩት ናቸው።

ሰባት ለአንድ ስንሆን እጇን አንስታ እረፍት ጠየቀች። ወደ እኔ ዘንበል አለች። ከንፈሯ እንደዚያ ደርቆ አይቼ አላውቅም። «ያ ኤቢሳ፣ ውሳኔው ስንት ላይ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ስምንት መቶ በስድስት መቶ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ዱረቲ፣ እኔ እኮ ነኝ ያስተካከልኩት።»

መዳፏን ፊቷ ላይ ዘርግታ አየችው። አንዴ አቀረበችው፣ አንዴ አራቀችው። «ኢጃ ኮ» አለች፤ ዓይኔን ማለቷ ነው። ለእኔ አልነበረም ያለችው። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰብኩት ትሸነፋለች ብዬ ብቻ ነው፤ ኦቦ ሌንጮ ትዝ አላሉኝም ነበር። ትናንት ያየ ዓይን ዛሬ ካላየ ምን ብላ ታስብ? ማቆም እችል ነበር፤ ሁለት ቦታ ብነካ ይመለሳል። ግን ሰባት ለአንድ እየመራሁ ነው። እናንተ ብትሆኑ ታቆሙ ይሆናል። እኔ ቀጠልኩ።

አሥራ አምስት ለሁለት አለቀ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዙር መተኮስ ትታ በኮቴ ድምፅ ብቻ ልታገኘኝ እየሞከረች ነበር፤ በጩኸቱ መሐል ምኑን ትስማው። ሰውዬው እጄን ጨበጠኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ፤ አልዋሻችሁም። ኦቦ ጉርሙ ብቻ ወደ እሷ ሄደው «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሏት። «ደህና ነኝ፣ ኦቦ» ብላ ወጣች።

አሁን የምነግራችሁን ስሙ። ጨዋታው ላይ ያደረግኩትን ይቅር የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፉክክር ነው፣ ቅናት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ግን ምን እንደምለው አላውቅም። ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ዱረቲ ትመጣለች። ስድስት ቁጥር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ትሞክራለች። ስድስት ቁጥር ደግሞ በለመደችው ውሳኔ ላይ ነው ያለው። እዚያ ካየች አለቀልኝ። ስለዚህ ስድስት ቁጥርን ቀየርኩት። ሰባት ቁጥር ላይ ብትቀመጥስ ብዬ እሱንም ቀየርኩ። ሰው ሁሉ የእሷን ስለወረሰ ዘጠኙም ያው ነበሩ። ዘጠኙንም አንድ በአንድ እየዞርኩ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ በዘጠኝ መቶ ስልሳ አደረግኳቸው፤ ምሳዬንም አልበላሁ። ኦቦ ጉርሙ ተመልሰው «ምን እያደረግክ ነው?» ሲሉኝ «የአዲስ አበባው ሰውዬ አዞ ነው» አልኳቸው። «ከበላይ የመጣ ውሳኔ ከሆነ ይከበራል» ብለው ተቀመጡ።

ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መጣች። ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከኦቦ ጉርሙ በቀር ሰው የለም። ሰላም ብላን ስድስት ቁጥር ላይ ተቀመጠች፤ ጌሙን ከፈተች። አንድ ደቂቃ አልቆየችም። ተነስታ ሦስት ቁጥር ላይ ሄደች። ከዚያ ዘጠኝ ቁጥር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ኬብል እጠቀልላለሁ። ከአንዱ ተነስታ ሌላው ላይ ስትቀመጥ የወንበሩ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆጠርኩት፤ ዘጠኙንም ሞከረች። ስትጨርስ ማውሱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ወደ በሩ ስትሄድ ግድግዳውን በእጇ ትዳስስ ነበር። ጠዋት እየሮጠች የገባችበት በር እኮ ነው።

አሥር ቀን አላየኋትም። ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ፣ እኔም ሻንጣ ስገዛ ሰነበትኩ። ዱረቲ ራሴን አመመኝ ብላ ተኝታለች፣ እናቷ ጸሎት ቤት ወስደዋት ተጸልዮላታል የሚል ወሬ ሰማሁ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር አጠገብ አልደረሰችም። ዓርብ ዕለት ደወለችና «ሁሉቃ ወንዝ ድልድዩ ጋ ና» አለችኝ። የምጓዘው ሰኞ ነው። ልቅር አልኩና ብቀር ትጠረጥራለች ብዬ ሄድኩ።

ድልድዩ አጠገብ ከአስፋልቱ ዳር ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። እንኳን ደስ ያለህ አለችኝ፤ ከልቧ ነው። ከዚያ ወሬ ሳታበዛ ገባችበት።

«የጂራ ሽማግሌዎች እሁድ ይመጣሉ» አለች። «እስከ ዛሬ እንቢ ነበር ያልኩት። አሁን ሳስበው ግን ዓይኔ ሳለ ልግባ አልኩ። ከጠፋ በኋላ ማን ይጠይቀኛል? እናቴ አባቴን ስትመራ ኖራ አሁን ደግሞ እኔን ልትመራ ነው?»

«ትወጂዋለሽ?» አልኳት። ምን አገባኝ።

«ሁለት ጊዜ ነው ያየሁት። ስማኝ ኤቢሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነገር ሁሉ ይደበዝዝብኛል፤ ፍርሃቴ ይሁን ዓይኔ ይሁን መለየት አቃተኝ። ያን ቀን ጠዋት አዲስ ኮምፒውተር ነው፣ ተቻኩለሃል፤ ሰው ይሳሳታል። ተሳስተህ ሌላ ውሳኔ አድርገህልኝ ከነበረ ንገረኝ። አልቆጣህም። ቦታውንም አልፈልገውም፣ አንተው ሂድበት፤ ለማንም አልናገርም። እኔ ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው። ተሳስተህ ከሆነ እሁድ እንቢ እላቸዋለሁ። ካልሆነ እሺ እላለሁ።»

አያችሁ፣ ሁሉንም ሰጠችኝ። ቦታውን ሰጠችኝ፣ ሰበቡን ራሷ ፈልጋ ሰጠችኝ፣ ዝም እንደምትል ሳይቀር ነገረችኝ። «ተሳስቼ ይሆናል» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ታዲያ ዘጠኙስ?» ትላለች። አንድ ኮምፒውተር ላይ መሳሳት ይቻላል። ዘጠኝ ኮምፒውተር ላይ የሚሳሳት ሰው የለም። ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ በእነዚያ በደከሙ ዓይኖቿ አጥርታ ታየኛለች። እንደዚያ ከምታየኝ ጂራን ታግባ አልኩ በልቤ።

«ስምንት መቶ በስድስት መቶ ነበር» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም። «ገለቶሚ» ብላ አመሰገነችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖልኝ ይዋሸኝ ነበር።»

ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። ባጃጁም ሚኒባሱም በዚያ ሰዓት ይተራመሳል። «እጄን ይዘህ አሻግረኝ» አለችኝ። ዞር ስል ዓይኗን ጨፍናለች። «ምን ሆነሻል?» ብላት «ከአሁኑ ልልመደው ብዬ ነው» አለች። እጇን ያዝኩ። መሐል አስፋልት ላይ ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲያንባርቅብን ደነገጠች፤ ግን አልገለጠችም፤ እጄን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ደረስን?» አለችኝ። «ደርሰናል» እስክላት ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም።